ፒልግሪም ዝም ያለበት ሰዓት

ገለባው ላይ የተጋደመው ሰው ከሞተ ገና አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው፤ ዝንቦቹ ግን ቀድመውኝ ደርሰዋል። ጥቅምት ተጋምሷል፣ ኬንታኪ ውስጥ ዝንብ ማለቅ የነበረበት ጊዜ ነው። ፈረስ ባለበት ግን ዝንብ አያልቅም።

ሟቹ ኤውሴቢዮ ቶክ ይባላል። የሠላሳ አራት ዓመት ጓቲማላዊ፣ በሆልኮም የፈረስ ማሠልጠኛ ስድስት ዓመት የሠራ ፈረስ ጠባቂ። የግራ ጆሮ ግንዱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከራሱ አንድ እርምጃ ርቆ ገዳዩ ቆሟል፤ ፒልግሪም የሚባል ግዙፍ ዳማ ፈረስ። ገዳይ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ በጋጣው በር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ነው።

ገዳዩ ግን ማንንም አያይም። ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይንቀጠቀጣል። ከሆዱ ሥር ላብ ጠብ ጠብ ይላል። ትከሻውን ስነካው ላቡ ቀዝቃዛ ነበር። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩ።

"አሁንማ ጨዋ ሆነ፣ ይሄ አውሬ!" አለ ግራንጀር ሆልኮም። የቦታው ባለቤትና አሠልጣኝ ነው፤ ስድሳ ሊደፍን ጥቂት የቀረው፣ ሸሚዙ አንድ ጭምዳድ የሌለበት። "እኔ ቢሮ ነበርኩ። ስምንት ተኩል ላይ ሲንከባለል፣ ግድግዳውን ሲደበድብ ሰማሁ። ምስኪኑ ሊያስነሳው ገባ መሰለኝ። ስደርስ አልቆለታል።"

"ፈረሱ ምን ሆኖ ነው የሚንከባለለው?"

"የሆድ ቁርጠት። ሐኪሟ ጠዋት አይታው ነበር። 'ለጊዜው ቀላል ነው' ብላን ሄደች።" ከኋላዬ ላለ ሰው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ቀላል! ይኸው፣ ቀላሉ ተጋድሞልሻል!"

ከኋላዬ የቆሙት ዶክተር ኢሞጂን ራትሊፍ ነበሩ። ሠላሳ አምስት ዓመት የካውንቲያችንን ፈረሶች ያከሙ፣ የአያቴን በቅሎዎች ሳይቀር። ፊታቸው አመድ መስሏል። ወደ እኔ ዞሩ።

"ዊላ፣ ይሄን ፈረስ አሁኑኑ በመርፌ ላሳርፈው። ተስፋ የለውም።"

"የፖሊስ ፎቶ አንሺው ሳይመጣ አይነካም። ማስረጃ ነው።"

"እየተሰቃየ ነው እኮ።"

"ገብቶኛል ዶክተር። ይጠብቁ።"

አሥራ ሁለት ደቂቃ አስጠበቅኳቸው። አሥራ ሁለቱንም ደቂቃ መዳፋቸውን የፈረሱ ግንባር ላይ አድርገው ቆሙ። ከዚያ ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ሲል መርፌውን ወጉትና ፒልግሪም ጉልበቱ ከድቶት ወደቀ። ሆልኮም ለሸሚዙ ሰግቶ ወደ ኋላ ዘለለ።

*

"ታኬት፣" አለኝ፣ እንደ ልማዱ በቤተሰብ ስሜ ጠርቶ፣ አለቃዬ፣ የካውንቲው ፖሊስ ኃላፊ ሸሪፍ ቦይድ ካውዲል በማግስቱ፣ ከአፉ የሃም ሳንድዊቹን ሳያወጣ፣ "ፈረስ ሰው ረገጠ። እዚህ አገር በዓመት አንዴ ሁለቴ ያጋጥማል። ፈርሚና ዝጊው።"

"የጠፋ ሰው አለ፤ ዴሜትሪዮ የሚባለው ሌላው ፈረስ ጠባቂ። ሬሳው ሳይነሳ በፒካፑ ወጥቷል።"

"የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለው ነዋ። አንቺን ሲያይ ምን ያድርግ፣ ይጨፍር?"

"አላውቅም። ለዚያ ነው የምፈልገው።"

"ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ እንዲህ ነው፣ ያለቀ ነገር ማንከባለል?"

"ያለቀ ነገር ላይ ሳንድዊች እንዳይበላ ነው ያስተማሩኝ።"

ሳቀ። ሦስት ቀን ሰጠኝ።

የአስከሬን ምርመራው ግማሽ ገጽ ነበር። አንድ ምት፣ የግራ ጆሮ ግንድ፣ ሰኮና ሊሆን ይችላል። "ሊሆን ይችላል" የሚለው ሐረግ ያስጠላኛል፤ ሰነፍ ሰው የሚደበቅበት ነው። ከግርጌው ግን አንድ ነገር ተጽፏል። በሟቹ የግራ ክንድ ላይ፣ በሰማያዊ ማርከር፣ 4852648096። ከሥሩ 112፣ ከአጠገቡ በስፓኒሽ "ተረጋግቷል"።

አሥር አሃዝ፣ የስልክ ቁጥር ነው። ደወልኩ። የተቀዳች ሴት ቁጥሩ አገልግሎት ላይ እንደሌለ ነገረችኝ። አንድ አሃዝ እየቀየርኩ ስሞክር አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት፣ አንድ የጥርስ ሐኪምና የሰደበኝ ሽማግሌ አገኘሁ። ግማሽ ቀን በዚህ አለቀ። 112ን የሞቴል ክፍል ይሆናል ብዬ በካውንቲው ያሉትን ሦስቱንም ሞቴሎች ዞርኩ። የማንኛቸውም ክፍል ከስልሳ አያልፍም።

ከሰዓት በኋላ ሆልኮም የጻፈው ደብዳቤ ቅጂ ደረሰኝ። ለእንስሳት ሐኪሞች ፈቃድ ቦርድ ነው የተላከው። "በዶ/ር ራትሊፍ ቸልተኝነት የሰው ሕይወት ጠፍቷል።" ሰውየው የሞተው ትናንት ነው፤ ደብዳቤው በሚያምር ወረቀት ታትሞ፣ ኅዳጉ ተስተካክሎ መጥቷል።

*

ዶክተር ራትሊፍን ክሊኒካቸው ጓሮ፣ የጭነት መኪናቸውን ሲያጥቡ አገኘኋቸው። የድንገተኛ ጥሪ ስልካቸውን ለወጣቱ ባልደረባቸው አስረክበዋል።

"ፈቃድዎን ሳይነጥቁዎት ራስዎ እየተውት ነው?"

"አሳስቼ ከሆነ ቦርዱ ምን ያደርጋል? ሰውየውን እኔ ገድዬዋለሁ ማለት ነው።" ቱቦውን ዘጉ። "ጠይቂኝ።"

"ጠዋት ስንት ሰዓት ደረሱ?"

"አራት ተኩል። ፈረሱ መሬቱን በእግሩ ይጭራል፣ ጎኑን ዞር ብሎ ያያል። ድዱ ሮዝ ነው። የልብ ምቱ አርባ ስምንት፤ ጤነኛ ፈረስ አርባ ቢሆን ነው። በግራ ሆዱ የአንጀት ድምፅ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። በአፍንጫው ቱቦ አስገባሁ፣ ትንሽ ፈሳሽ መጣ። እጄን በኋላ አስገብቼ የደረስኩበትን ያህል ዳሰስኩ፣ የተጠማዘዘ ነገር አላገኘሁም። ቀላል ይመስላል፣ ግን አላማረኝም። ደም ቀዳሁ።"

"ካላማረዎት ለምን ሄዱ?"

"ሌላ ቤት ማሕፀኗ የወጣ ላም ነበረች።" ይቅርታ አልጠየቁም፤ ወደድኳቸው። "ኤውሴቢዮን መንጋጋው ሥር በሁለት ጣት የልብ ምት መቁጠር አስተምሬዋለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ቁጠርና በሩ ላይ ባለው ነጭ ሰሌዳ ጻፍ፣ ከስድሳ ካለፈ ደውልልኝ አልኩት።"

"ደወለ?"

"አልደረሰኝም።"

"ሆልኮምን የጠየቁት ነገር የለም?"

"ሁሌም የምጠይቀውን ነው። 'ከመምጣቴ በፊት ምን ሰጥታችሁታል?' አልኩት። 'ምንም' አለ።" ደረቅ ፈገግታ ፈገግ አሉ። "ሁሉም 'ምንም' ይላል። ፈረስ ያለው ሁሉ ማቀዝቀዣው ውስጥ የማስታገሻ ብልቃጥ አለው። ይወጋና ይደውልልኛል፤ ስጠይቀው ሕፃን ይሆናል። ማስታገሻ ደግሞ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አንጀቱን አይፈታም። እኔ ማየት ያለብኝን ምልክት ነው የሚሰርቁኝ።"

"ሌላ የተጠቀሙበት ዕቃ አለ? ጋጣው ውስጥ የተውት?"

"የኔ የለም። ስዳስሰው እንዲቆምልኝ የእነሱን የአፍንጫ ዱላ፣ የላይኛውን ከንፈሩን ጠምዝዞ የሚይዘውን፣ ተጠቀምኩ። ጫፉ ላይ የሰንሰለት ቀለበት ያለው፣ የመጥረቢያ እጀታ የሚያህል። ስጨርስ በሩ አጠገብ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት።"

ቢሮ ተመልሼ ፎቶዎቹን አወጣሁ። ምስማሩ ባዶ ነበር። ነጩ ሰሌዳም ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

*

ሆልኮም ያን ቀን እንግዳ እንዳልነበረው ነግሮኝ ነበር። የበሩ ካሜራ ግን ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ የቴነሲ ታርጋ ያላት የፈረስ ማጓጓዣ ስትገባ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ባዶዋን ስትወጣ ያሳያል። ባለቤቷ ኮንስታንስ ቪክሪ ናት፤ የውድድር ፈረስ ገዢ። ስደውልላት አንዲት ውሻ ይጮህባታል።

"ሞተ?" አለች። "ያ ደስ የሚል ፈረስ? ልገዛው ነበር እኮ! ምን ዓይነት ጨዋ! እግሩን አነሳሁ፣ አፉን ከፈትኩ፣ ጆሮውን ዳበስኩ፣ ንቅንቅ አላለም።"

"አልቦት ነበር?"

"ርጥብ ነበር። ግራንጀር አሁን ገላውን አጥበነው ነው አለኝ።"

"የሚንከባለል፣ የሚራገጥ ነገርስ?"

"ምን ነካሽ የኔ እመቤት! ሐውልት ነው የሚመስለው። እንዲያውም ለግራንጀር 'ይሄን ትምህርት ለባሌ ስጥልኝ' አልኩት።"

"ጋጣው ውስጥ ሌላ ሰው ነበር?"

"አንድ ሠራተኛ። ፈረሱን እያሳየ ሆዱን በመዳፉ ይመታል። የራሱን ሆድ ማለቴ ነው። ግራንጀር 'ምሳ ሰዓቱ ስላለፈበት ነው' አለና ሳቅን።"

"ሳቃችሁ።"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

ስልኩን ዘጋሁ። አንድ ሰው ሆዱን እየመታ ፈረሱ እየሞተ መሆኑን ሲናገር ሁለት ሰዎች ፊት ለፊቱ ቆመው ስቀዋል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ወይም ትንሽ ቆይቶ ራሱ ሞቷል።

*

ዴሜትሪዮን ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን፣ ሁለት ካውንቲ ተሻግሬ፣ የዶሮ ማረጃ ፋብሪካ በር ላይ ነው። ላባ ጫማው ላይ ተጣብቋል። ሲያየኝ አልሮጠም፤ ዝም ብሎ እጁን ለካቴና ዘረጋልኝ።

"አውርድ እጅህን። ስለ ወረቀትህ ማወቅ አልፈልግም። ስለ ኤውሴቢዮ ንገረኝ። ተጣልታችሁ ነበር?"

"በኳስ ብቻ ነው ሴኞሪታ። እሱ የሚደግፈው ቡድን ቆሻሻ ነው።" ዓይኑ ሞላ፤ በእጅጌው ጠረገ። "ያ ፈረስ ከንጋቱ ጀምሮ ታሟል። ጌታው ሦስት ሰዓት ላይ ራሱ ሁለት ስሪንጅ ሙሉ ወጋው። ከዚያ ሐኪሟን ጠራ።"

"ለሐኪሟ ለምን አልነገራችሁም?"

"ጌታው አጠገቧ ቆሞ?"

"እሺ። ከዚያስ?"

"ስድስት ሰዓት ላይ ባሰበት። ኤውሴቢዮ ለጌታው ነገረ። ጌታው 'ገዢ እየመጣ ነው፣ ሰሌዳውን አጥፋ፣ ገለባውን ቀይር' አለ። ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ፈረሱ አበደ። ግድግዳውን ሲመታው ጣሪያው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። እኔ ተሻለው ብዬ ደስ አለኝ። ኤውሴቢዮ ግን አልተደሰተም። በጣቱ ይቆጥርና ክንዱ ላይ ይጽፋል።"

"ክንዱ ላይ?"

"ሰሌዳውን ጌታው አስጠፋዋ! የት ይጻፍ? የነበሩትንም ቁጥሮች ሳያጠፋ ክንዱ ላይ ገልብጧቸዋል።"

የደወልኩበት የልብስ ማጠቢያ ቤት ትዝ አለኝ። ሁለት ዲግሪ አለኝ።

"ገዢዋ ከሄደች በኋላ የት ነበርክ?"

"የውጭ መስክ፣ አጥር ስጠግን። ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጌታው ጋሪ ይገፋል።"

"ምን ጋሪ?"

"የፋንድያ ጋሪ! በእጁ! እዛ ስሠራ አራት ዓመቴ ነው፣ መንሽ እንኳ ሲነካ አይቼው አላውቅም። ወደ ክምሩ ገፍቶ ደፋው። ሳቄ መጥቶ 'ዛሬ ጌታው ደመወዛችንን ሊቀማን ነው' ልለው ወደ ኤውሴቢዮ ሄድኩ።" ጎንበስ ብሎ ከጫማው ላይ ላባውን ይነቅል ጀመር።

*

የክንዱን ፎቶ ዶክተር ራትሊፍ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከአጠገቡ የፈረሱ የሬሳ ምርመራ ውጤት አለ፤ የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ የላከው። ጨጓራው አንድ ስንዝር ተኩል ተቀዷል። መኖው ሆድ ዕቃው ውስጥ ተበትኗል። የሆድ ዕቃው ሽፋን ከመቆጣቱ የተነሳ ቀዳዳው የተፈጠረው ፈረሱ ከመሞቱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት በፊት ነው ይላል። ጠዋት የተቀዳው ደምም ተመርምሯል፤ ማስታገሻው ከሚፈቀደው እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል።

ሐኪሟ ደሙን የሚመለከተውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ክንዱ ጎንበስ አሉ።

"ስልክ ቁጥር መስሎኝ ነበር" አልኩ።

"ሁለት ሁለት አድርገሽ አንብቢው። አርባ ስምንት፤ ይሄ እኔ የወጣሁበት አምስት ሰዓት ነው። ሃምሳ ሁለት፣ አምስት ተኩል። ስድሳ አራት፣ ስድስት ሰዓት። ሰማንያ። ዘጠና ስድስት፣ ሰባት ሰዓት ላይ።" ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። "መቶ አሥራ ሁለት። ተረጋግቷል።"

"ዴሜትሪዮ ተሻለው ብሎ ነበር።"

"ሁሉም እንደዚያ ይላል።" ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተለጠጡ። "ፈረስ ማስመለስ አይችልም፣ ዊላ። ጨጓራው ሞልቶ መውጫ ካጣ ይወጠራል፣ ይወጠራል። ያኔ ነው ራሱን ግድግዳ ላይ የሚወረውረው። ከዚያ ይቀደዳል። ሲቀደድ ውጥረቱ ይለቃል፣ ፈረሱም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰው እልል ይላል፣ ለኔ ደውሎ አትምጪ ይለኛል። የልብ ምቱ ግን እንደወጣ ነው፣ ድዱ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፣ ላቡ ይቀዘቅዛል። ሕመሙ ሲተወው ምቱ ካልወረደ አለቀ። የቀረው መውደቅ ብቻ ነው።"

"ሰባት ተኩል ላይ ተቀዶ ነበር ማለት ነው።"

"አዎ። ኤውሴቢዮ ጽፎታል።"

"ሆልኮም ደግሞ ስምንት ተኩል ላይ ሲንከባለልና ሲራገጥ ሰማሁ ይላል።"

መነጽራቸውን አወለቁ።

"በዚያ ሰዓት?" አሉ ቀስ ብለው። "በዚያ ሰዓት ያ ፈረስ ዝንብ ለማባረር እንኳ እግሩን አያነሳም።"

*

የፋንድያ ክምሩ ከሆልኮም ቤት ጀርባ ነው፤ ሁለት ሰው ቁመት፣ አናቱ የሚጨስ። አራት ሆነን በመንሽ ገለበጥነው። ከላይ ሲታይ ደረቅ ገለባ ነው። ሲቆፈር እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመታል፣ ሽንት ዓይን ያቃጥላል፣ ነጫጭ ትሎች በገፍ ይገላበጣሉ። አንዱ ባልደረባዬ ወደ ጎን ሄዶ አስመለሰ። ሌላው "ፈረስ የማይችለውን አንተ ቻልከው" አለው፤ ያን ቀን የሳቅነው በዚያ ብቻ ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ መንሼ እንጨት ነካ። የመጥረቢያ እጀታ የሚያህል፣ ጫፉ ላይ የሰንሰለት ቀለበት። ወፍራሙ ጫፍ ላይ ደምና ፀጉር ደርቋል። ሙቀቱ አብስሎታል፤ ሽታውን አልናገርም። ከአጠገቡ በወረቀት ፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት ባዶ ስሪንጆች ነበሩ።

እንደዚያው ሆኜ፣ እስከ ጉልበቴ ፋንድያ፣ የሆልኮምን በር አንኳኳሁ። ሳሎኑ ዋንጫና የአንደኝነት ሰማያዊ ሪባን ብቻ ነው። ምንጣፉን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

"ልጄ፣ ቦት ጫማሽን ብታወልቂው።"

"አይመቸኝም፣ ሚስተር ሆልኮም። አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ፤ ስምንት ተኩል ላይ ምን ሰሙ?"

"ነግሬሻለሁ። ግድግዳውን ሲደበድብ። እንደ እብድ ሲራገጥ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አርባ ዓመት ፈረስ ይዣለሁ።"

"ይፈርሙልኝ እንግዲህ።"

ወርቃማ እስክሪብቶ አውጥቶ በሚያምር ፊርማ ፈረመ። ወረቀቱን አጠፍኩና ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ በፕላስቲክ የታሸገውን ዱላ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዋንጫዎቹ መሐል፣ አስቀመጥኩት።

"ስምንት ተኩል ላይ ያ ፈረስ ጨጓራው ከተቀደደ ከሰዓት በላይ ሆኖታል። ቆሞ እየሞተ ነበር። አንተ ራስህ ለገዢዋ 'ታጥቦ ነው' ብለህ ያሳየኸው እሱን ነው።"

"አንተ?" አለ። ከዱላው ይልቅ ያ ነው የወጋው።

"አዎ፣ አንተ። ኤውሴቢዮ ምን አደረገህ?"

ጠበቃ ይጠራል ብዬ ነበር። ግን እንዲህ ዓይነት ሰዎች ጥፋታቸውን ማመን ሳይሆን ልክ መሆናቸውን ማስረዳት ስለሚፈልጉ ያወራሉ።

"የሴትየዋን ቁጥር ከማጓጓዣዋ በር ላይ አንብቧል። የግድግዳውን ስልክ አንስቶ ሊደውልላት! በኔ ቤት፣ በኔ ስልክ! ፈረሱ እየሞተ ነው ብሎ ሊነግራት። አርባ ዓመት የገነባሁትን ስም አንድ ጋጣ ጠራጊ..." ትንፋሹ አጠረው። "አንዴ ነው የመታሁት። ምን ያህል እንደቀለለ አታውቂም፣ እንደ ሕፃን ነበር፤ ጎትቼ ሳስገባው ክብደት አልነበረውም።"

"ከዚያ ፈረሱ እግር ሥር አስተኛኸው።"

"ፈረሱ መሞቱ አይቀርም ነበር" አለ፣ ይሄ ነገሩን ሁሉ የሚያስተካክል ይመስል። "ማንን ይጎዳል?"

ሰው ስይዝ ካቴና ስቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ካቴናውን ሁለት ጊዜ ሳትኩት፤ ቆዳውን መንካት ቀፍፎኝ ነው።

*

በሳምንቱ ዶክተር ራትሊፍን ለማስፈረም ሄድኩ። ክሊኒክ አልነበሩም፤ ስልካቸውን መልሰው ተቀብለው ለሆድ ቁርጠት ጥሪ ወጥተዋል። ቦርዱ የሆልኮምን ደብዳቤ ዘግቶታል። ሌላ ይዤ የሄድኩት ወረቀት ግን ነበር፤ ከክሊኒኩ የጥሪ መዝገብ የተቀዳ አንድ ገጽ። ላለማሳየት አስቤ ነበር። ግን እኔም ነገር መደበቅ አልወድም።

ከአንድ የወተት እርባታ ጎን ባለ ጋጣ በር ላይ ደረስኩባቸው። ፈርመው ሲጨርሱ ገጹን ሰጠኋቸው። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ስድስት ሰዓት ከሁለት፦ ሚስተር ሆልኮም። ፈረሱ ፋንድያ ጥሏል፣ ይበላል፣ ሐኪም አያስፈልግም።

ስድስት ሰዓት ከስድስት፦ ከዚያው ቤት ሠራተኛ። እንግሊዝኛው አይገባም። አለቃህ ደህና ነው ብለዋል ተብሎ ተነገረው።

ዶክተር ራትሊፍ አነበቡት። ከሩቅ ላም ጮኸች።

"ስድሳ አራት ላይ ደወለ" አሉ።

"አዎ።"

"እንዳልኩት።"

"እንዳሉት።"

ገጹን አጥፈው የደረት ኪሳቸው ከተቱት። ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ጋጣው ገቡ፤ አንዲት ነጭ ባዝራ ላብ አጥምቋት ጎኗን ታያለች። ባለቤቱ፣ ባርኔጣውን ገልብጦ ያደረገ ወፍራም ሰው፣ ተቀበላቸው።

"ምን ሰጥታችኋታል?"

"ምንም፣ ዶክተር። ንክች አላደረግናትም።"

ዶክተር ራትሊፍ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሰውየው አጠገብ አልፈው፣ ጥግ ላይ መንሽ ይዞ ወደቆመው ፈረስ ጠባቂ ሄዱና ፊት ለፊቱ ቆሙ።

"አንተስ?" አሉት፣ በተሰባበረ ስፓኒሽ። "አንተ ምን አየህ? ቀስ ብለህ ንገረኝ። ሳትጨርስ አልሄድም።"

ሰውየው ወደ ባለቤቱ አየ። ዶክተር ራትሊፍ አንድ እርምጃ ተንቀሳቅሰው መሐላቸው ገቡ።